እጇን ሲጎትታት ምን አላችሁ?

ትዕይንቱን ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ተናዳ ልትሄድ ስትነሳ ልጁ ከኋላዋ ይደርስና የእጇን አንጓ ጨብጦ ይይዛታል። ሳይጠይቃት ጎትቶ ይወስዳታል። ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ምስሉ ዝግ ይላል። ሳሎን የተቀመጠው ቤተሰብ ግን ሁሉም አንድ ነገር አያይም። የ16 ዓመቷ ልጅ ትራስ አቅፋ «ኡፍ!» ትላለች። እናት «እንዲህ የሚወዳት ከሆነ ምን አስኬዳት?» ትላለች። አባት ከጋዜጣው ቀና ብሎ «ይሄ ልጅ አሳዳጊ የለውም እንዴ?» ይላል። ዩኒቨርሲቲ የገባው ወንድም ደግሞ «ይሄ እኮ ወንጀል ነው» ብሎ ሁሉንም ያናድዳል። አንድ ሶፋ፣ አራት ፍርድ።

ስለ እስያ የፍቅር ድራማዎች ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ጥሩ ናቸው ወይስ መጥፎ?» ብለን ነው። ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግኩት በሌላ ጥያቄ ነው። አንድን ታሪክ የተለያዩ ተመልካቾች ሲያዩት፣ ማን የቱን ጥፋት ይቅር ይላል? ምክንያቱም አንድ ተመልካች በድራማ ውስጥ ይቅር የሚለው ነገር፣ በገዛ ቤቱም ይቅር ሲባል ያየውን ነገር ነው።

ለዚህ «ሃና ዮሪ ዳንጎ» ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዮኮ ካሚዮ የተባለች ጃፓናዊት ለልጃገረዶች በሚታተም መጽሔት ላይ በሥዕል መተረክ የጀመረችው ታሪክ ነው። ርዕሱ የተወሰደው ከጃፓኖች አባባል ነው። «ከአበባ ይልቅ ዳንጎ» ይላሉ። ዳንጎ ከሩዝ ዱቄት የሚሠራ ድቡልቡል ምግብ ነው፤ ዓይን ከሚማርከው ሆድ የሚሞላው ይሻላል ለማለት ነው። ደራሲዋ ግን «ወንዶች ልጆች» የሚል ትርጉም ያለውን ጽሕፈት «ዳንጎ» ተብሎ እንዲነበብ አድርጋ ጻፈችውና አባባሉን ቀልድ አደረገችው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሱኩሺ የተባለች የዝቅተኛ ቤተሰብ ልጅ የባለጸጎች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ትገባለች። ስሟ በየሜዳው የሚበቅል የአንድ ተራ ተክል ስም ነው፤ ቢረግጡት መልሶ የሚነሳ ዓይነት። ትምህርት ቤቱን እንደ ፈለጉ የሚያሽከረክሩት «ኤፍ ፎር» የሚባሉ አራት ወጣቶች ናቸው። መሪያቸው ያልወደደው ተማሪ ሳጥኑ ውስጥ ቀይ ወረቀት ያገኛል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ተማሪ የሁሉም መቀጥቀጫ ነው። ቀዩ ወረቀት ለሱኩሺም ደረሳት። እሷ ግን አልሸሸችም፤ መሪውን መልሳ መታችው። እሱም ወደዳት።

ይህን ታሪክ ቢያንስ አምስት አገሮች ተከታታይ ድራማ አድርገውታል። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ2001 «ሜቲዮር ጋርደን» ብላ ሠራችው፤ ጃፓን በ2005፣ ደቡብ ኮሪያ በ2009፣ ቻይና በ2018፣ ታይላንድ በ2021 ተከተሉ። ሊ ሚን-ሆን በየአገሩ ያስተዋወቀው የኮሪያው «ቦይስ ኦቨር ፍላወርስ» ነው። በዚያኛው ልጅቷ የልብስ ንጽሕና ቤት ያላቸው ወላጆች ልጅ ሆናለች።

አሁን ልዩነቱን ተመልከቱ። የታይዋኑን ድራማ የቻይና ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2002 ለወጣቱ አይበጅም ብለው ከቴሌቪዥን አገዱት። ወጣቶቹ ግን በተባዛ ዲስክ እየተቀባበሉ አዩት። በ2003 ደግሞ ፊሊፒንስ ውስጥ በታጋሎግ ቋንቋ ተተርጉሞ ቀረበና አገር ምድሩን ያዘ። ቻይና በ2018 ራሷ ስትሠራው ጉልበተኝነቱን በእጅጉ አለሳለሰችው፤ አራቱም ወጣቶች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆኑ። ታይላንድ ተቃራኒውን መንገድ መረጠች። የተደበደበውንና የተገለለውን ተማሪ ሕመም አጉልታ አሳየች፤ ፍቅር ስለያዘው ብቻ ያደረገው ሁሉ እንዳይረሳለት አደረገች። የድሮዎቹ ተመልካቾች «ያለዚያ ክፋቱ ልጁ ጨው የለውም» ሲሉ፣ አዲሶቹ «የድሮውን አሁን ሳየው ደንግጫለሁ» ይላሉ። ታሪኩ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው።

ታዲያ «ጃፓኖች እንዲህ ይወዳሉ፣ ኮሪያዎች እንዲያ» ብሎ መደምደም ይቀላል። «ዊንተር ሶናታ» ግን ይህንን ያፈርሰዋል። በ2002 በኮሪያ የታየው ይህ ድራማ በቀጣዩ ዓመት በጃፓኑ ኤን ኤች ኬ ቀረበ። በመኪና አደጋ እንደ ሞተ የተነገረው የመጀመሪያ ፍቅረኛ ከዓመታት በኋላ የቀድሞ ሕይወቱን ረስቶ ይመለሳል። በጃፓን በዚህ ድራማ ፍቅር የወደቁት በዋነኛነት ጎረምሶችና ኮረዳዎች አልነበሩም፤ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉና ከዚያም ያለፉ ሴቶች ነበሩ። ተዋናዩን ቤ ዮንግ-ጁንን «ዮን-ሳማ» ብለው ጠሩት፤ «ሳማ» ከፍ ያለ አክብሮት የሚገለጽበት ቃል ነው። በ2004 ጃፓን ሲገባ በሺዎች የሚቆጠሩ አድናቂዎች አየር ማረፊያ ወጥተው ተቀበሉት። ድራማው ወደ ተቀረጸባት ናሚ ደሴትም ጉዞው ጎረፈ። የማረካቸው ለስላሳ አነጋገሩና ጨዋነቱ ነበር፤ ልጅ ያሳደገች፣ ቤት ያቆመች ሴት ድንገት በአክብሮት የሚያናግራት ሰው ስታይ የሚሰማት ነገር ነው። ስለዚህ ከአገሩ ይልቅ ዕድሜና ኑሮ ይበልጥ ይናገራል። እናቶች፣ እናንተ የምትወዱት ገጸ ባሕርይና ልጃችሁ የምትወደው ሁለት የሆኑት በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ጠይቋት።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እነዚህን ድራማዎች ስናይ በአንድ ነገር ዕድለኞች ነን። በኮሪያኛ ሁለት ሰዎች ሲቀራረቡ ከአክብሮት ንግግር ወደ ቅርርብ ንግግር ይሻገራሉ። የኮሪያ ተመልካች ልቡ ዘለል የሚለው እዚያች ቃል ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ትርጉም ሁሉም «ዩ» ሆኖ ይቀራል፤ መሻገሩ ይጠፋል። እኛ ግን ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መሻገር ምን እንደሆነ እናውቃለን። ማን ፈቀደ፣ ማን ቀድሞ ደፈረ የሚለው ለእኛም ታሪክ ነው። በሌላ በኩል «ኦፓ» የሚለው ቃል ግራ ሊያጋባን ይችላል። ኮሪያዊት ታላቅ ወንድሟንም፣ በዕድሜ የሚበልጣትን ፍቅረኛዋንም በዚሁ ቃል ትጠራለች። ፍቅረኛዋን «ወንድም ጋሼ» ብላ የምትጠራ አማርኛ ተናጋሪ ግን ሳቅ ታስነሳለች።

ወደ ተጨበጠው እጅ ልመልሳችሁ። ኮሪያዎች «አሥር ጊዜ በመጥረቢያ ተመትቶ የማይወድቅ ዛፍ የለም» የሚል አባባል አላቸው። ትጋትን ለማበረታታት የሚነገር ነው፤ ለረጅም ጊዜ ግን ሴትን ስለማባበልም ሲነገር ኖሯል። እምቢ ያለችውን ልጅ ቤቷ ደጃፍ በዝናብ ሲጠብቅ የሚያድረው ጀግና የዚህ አባባል ልጅ ነው። የአገሪቱ ሕግም ቢሆን ሰውን እየተከታተሉ ማስጨነቅን እንደ ቀላል የደንብ መተላለፍ አይቶ ከ100 ሺህ ዎን በማይበልጥ ቅጣት ያልፈው ነበር። ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ እስከ 3 ዓመት፣ መሣሪያ የያዘ ከሆነ ደግሞ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል። አባባሉን የፈጠረው ሕዝብ ራሱ «ዛፉ ሰው ነው» ማለት ጀምሯል።

እኛስ? እዚህ ላይ «የእነሱ ባህል ነው» ብለን ማለፍ አንችልም። በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። «እንመካከር፣ በሌላ ቀን ተመለሱ» ይባላል። ጨዋነት ነው፤ ልጅን አቅልሎ አለመስጠት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን እምቢታ የእሺታ መንገድ አድርጎ ማየትን ሁላችንም ከዚያ ተምረናል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የሚመለሱት ተመለሱ ስለተባሉ ነው። ብቻውን ደጃፍ የሚያድረውን ልጅ ግን ማንም ተመለስ አላለውም። የዚህን መጥፎ ጫፍ ደግሞ ጠለፋ ብለን በስሙ እናውቀዋለን። የድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ክሱ እንዲቀር በር ይከፍት ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው፤ ለጋብቻ ብሎ በኃይል መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እኛም ኮሪያዎችም አንዱን ነገር በየራሳችን መንገድ ስንማር ነው የኖርነው።

የወንዱ እናትም ጉዳይ አለ። በ«ቦይስ ኦቨር ፍላወርስ» የባለጸጋው እናት ልጅቷን ከልጇ ለማራቅ ገንዘብ ይዛ ትመጣለች። ምዕራባዊው ተመልካች ይህችን እናት ያለ ጥርጥር ክፉ ይላታል። በእኛ ሳሎን ግን «የማን ልጅ ናት?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። «እናት ናት፤ የምታየው ነገር አለ» የሚል ድምፅ ከአንዱ ጥግ መሰማቱ አይቀርም። ይህን ክርክር ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. «ጥቁር ፍቅር»ን የመሰሉ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ማሰማት ከጀመረ ወዲህ በየቤታችን ደጋግመን አድርገነዋል። ያኔ «ባህላችንን ያጠፋል» የሚለው ስጋት በረታ። ድራማው ግን እንግዳ ባህል ብቻ አላመጣም፤ የራሳችንንም አውጥቶ እንድንነጋገርበት አደረገን።

ስለዚህ ቴሌቪዥኑን አጥፉ አልላችሁም። ልጆቹ በስልክ ብቻቸውን ያዩታል፤ ያኔ የሚዳኘው ሙዚቃው ብቻ ነው። አብራችሁ እዩና አንድ ነገር ሞክሩ። ያንን የእጅ መጎተት ትዕይንት መልሱትና ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ሙዚቃው ሲጠፋ የልጅቷ ፊት ምን ይላል? ቀጥሎም ጠይቁ፤ ይህንኑ ያደረገው መልከ መልካሙ ባለጸጋ ሳይሆን የሰፈራችን አንድ ልጅ ቢሆንስ? ለወንዶች ልጆቻችሁም ጠይቁ፤ ከሴቶቹ ይበልጥ ለእነሱ። «ጀግና ማለት እሱ ነው» ብለው የሚያድጉት እነሱ ናቸውና። ስትጠይቁ ግን አትስበኩ። «እማዬ ደግሞ ጀመራት» ካሉ ጨዋታው አልቋል።

ጥሩውንም አሳዩአቸው። በ2019 መጨረሻ በጀመረው «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ» ከደቡብ ኮሪያ በነፋስ ተወስዳ ሰሜን ያረፈችው ሴት ቡና አማራት። የሰሜን ኮሪያው መኮንን ጥሬ ቡና ፈልጎ ያመጣል፣ በብረት ድስት ይቆላል፣ በድንጋይ ይፈጫል፣ አፍልቶ ይሰጣታል። አንድም እጅ አልተጎተተም። ሌላው አገር ያንን ትዕይንት በትርጉም ነው የሚያየው፤ ቡና ቆልቶ ማፍላት ስንት ሰዓት እንደሚወስድና ለማን እንደሚደረግ ለእኛ ማንም ሊያስረዳን አይገባም።

በሚቀጥለው ምሽት ልጁ የልጅቷን እጅ ሲይዝ፣ እናንተ ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ ልጆቻችሁ ፊት እዩ። ከዚያ ጠይቁ፤ «አንቺ ብትሆኚ ምን ትይው ነበር?» መልሷን አታቋርጧት።