ዋጋው የወረደ፥ ወጪው ያልወረደ አውቶሞቢል

አንድ ሰው በንግዱ ሲደላደል ወይም በመንግሥት ሥራ ከፍ ካለ ማዕረግ ሲደርስ ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ መልካም አውቶሞቢል ነው። ይህ ምኞት የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ምኞቱ ከኪሱ ቀድሞ ሲሄድ ነው፤ ይኸውም አዲሱን ለመግዛት ዐቅም ያነሰው ሰው አሮጌውን በጥቂት ገንዘብ አገኘሁት ብሎ ደስ ሲለው ማለት ነው። በተለይም አራት በር ያለው፥ ቤተሰብ የሚይዝ፥ ግን እንደ እሽቅድምድም መኪና የሚፈተለክ፥ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠራ የቅንጦት መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ የብዙ ሰው ልብ ይሸፍታል። ይህን መኪና መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ በቡና ቤት ጨዋታ የሚፈታ ስላልሆነ፥ ነገሩን ረጋ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል።

ከእነዚህ መኪኖች መካከል ስማቸው የታወቀ ሁለቱን ማንሣት ይበቃል። አንደኛው መርሴዲስ ቤንዝ 500 ኢ ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1990 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ፤ እስከ 1995ም ድረስ 10479 ያህል ተሠራ። ስምንት ሲሊንደርና አምስት ሊትር ያለው ሞተሩ 326 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ጎኑ ሰፋ ተደርጎ ስለ ተሠራ በዚንደልፊንገን በነበረው የመርሴዲስ ፋብሪካ መሥመር ላይ ማለፍ አልቻለም፤ ስለዚህ ሥራው ለፖርሽ ኩባንያ ተሰጠና መኪናው በሁለቱ ፋብሪካዎች መካከል እየተመላለሰ በአሥራ ስምንት ቀን ያልቅ ነበር። ላላወቀው ሰው ግን መልኩ ከጀርመን አገር ታክሲ እምብዛም አይለይም። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2003 በዲንጎልፊንግ የተሠራው ቢ ኤም ደብልዩ ኤም 5 ነው። ይህም ስምንት ሲሊንደር፥ 400 የፈረስ ጉልበትና ስድስት ማርሽ ያለው፥ ማርሹም በእጅ ብቻ የሚቀየር ሲሆን፥ በጠቅላላው 20482 ተሠርቷል። ሁለቱም በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ሲደርሱ እንዲገቱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የሠሩዋቸው መሐንዲሶች ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች እንደ ነበሩ መኪኖቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

እንግዲህ ነጋዴ የሆነ ሰው ፈጥኖ ሊያየው የሚገባ፥ ብዙውን ጊዜ ግን የማያየው አንድ ነገር አለ። 500 ኢ አዲስ ሳለ ዋጋው ከ130 ሺህ የጀርመን ማርክ በላይ ነበር። መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን ከመኪናው ጋር አብሮ አይወርድም። ፍሬኑም፥ ፍሪሲዮኑም፥ የሞተሩም ዕቃ የሚሸጠው ውድ መኪና መሆኑ ታስቦ ነው፤ እንዲያውም ፋብሪካው መሥራቱን ያቆመው ዕቃ ከዓመት ወደ ዓመት ይወደዳል። ስለዚህ በርካሽ የተገዛ የቅንጦት መኪና ለባለቤቱ ርካሽ መኪና አይሆንለትም። የመግዣውን ብቻ ቆጥሮ ገበያ የሚወጣ ሰው ቤት ሠርቶ ጣራውን እንደ ረሳ ሰው ነው።

ለዚህም ማስረጃው ከእነዚሁ መኪኖች አካል ይገኛል። መርሴዲስ በእነዚያ ዓመታት ለሞተሩ የተጠቀመበት የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባሱ በሙቀት እየደረቀ የሚፈረፍር ሆኖ ተገኘ፤ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ሞተሩ ይንተፋተፋል፥ ሞተሩን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክ ሳጥንም ይቃጠላል። ኤም 5 ደግሞ የቫልቮቹን ጊዜ በዘይት ግፊት የሚለዋውጥ ቫኖስ የሚባል መሣሪያ አለው፤ ይህ ሲያረጅ ሞተሩ ሲነሣ ይንኳኳል። የካቴናው መወጠሪያና መምሪያ ያልቃል፤ በራዲያተሩ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ይሰነጠቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የፒስቶኑ ፋሻ ከመለወጡ በፊት የተሠሩትም ዘይት በመብላት የታወቁ ናቸው። ዘይቱም በየሱቁ የሚገኘው ዓይነት ሳይሆን 10-60 የሚባለው ነው። ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ የኤም 5 ተከታይ፥ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሽያጭ የወጣው ባለ አሥር ሲሊንደር መኪና ነው። እርሱ 507 የፈረስ ጉልበት ይዞ ከቀዳሚው ይልቅ ብዙ ጊዜ በርካሽ ይሸጣል፤ ይህም በችሮታ የሆነ አይደለም። የፒስቶን ዘንጎቹ ኩሽኔታ ቶሎ ስለሚበላና ማርሹን በራሱ የሚቀይረው መሣሪያ ሲበላሽ ወጪው ስለሚከብድ፥ ያየው ሰው ስለሚሸሸው ነው።

በደጋው አገር ለሚኖር ገዥ ደግሞ ሌላ የሚያስተውለው ነገር አለ። በአሥመራም ሆነ በአዲስ አበባ፥ ከባሕር ጠለል 2300 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ፥ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለ 400 ፈረስ ገንዘቡን የከፈለ ሰው በከተማው የሚነዳው 320 ያህሉን ነው፤ የቀሩትን ሰማንያ ለማግኘት ወደ ምጽዋ መውረድ ይኖርበታል። ያም መንገድ በ115 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2300 ሜትር ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወርድ፥ መታጠፊያው የማያልቅ ስለ ሆነ፥ 1700 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ፍሬን የሚፈተንበት እንጂ ጉልበት የሚታይበት አይደለም።

የመካኒኩም ነገር እንዲሁ ነው። በአሥመራ ፊያት 600ንና ፊያት 1100ን ለአሥርታት ዓመታት በሕይወት ያቆዩ እጀ ብልሆች መኖራቸው የታወቀ ነው። እነዚህ ሰዎች የጠፋውን ዕቃ በመዶሻና በሞረድ ሠርተው ይተካሉ። በኮምፒውተር ካልተጠየቀ ሕመሙን የማይናገር ሞተር ግን ለመዶሻና ለሞረድ አይመለስም። ስለዚህ ከመኪናው በፊት መካኒኩን መፈለግ ይገባል፤ መሣሪያውም፥ ልምዱም ያለው ሰው በከተማው ከሌለ ነገሩ በዚያው ማለቅ አለበት።

መኪናው የመጣበትም አገር ይጠየቅ። በሰሜን ኤውሮፓ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ስለሚነሰነስ የመኪናው ላሜራ ከታች በዝገት ይበላል፤ ከዐረብ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ዝገቱ ያነሰ ቢሆንም ፀሐይ ጎማውን፥ ቆዳውንና ፕላስቲኩን ታደርቀዋለች። ሁለቱንም ቀለም ቀብቶ ለማሳመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ገዥ የሚታለለውም በዚህ ነው።

ወደ ሰውየው ስንመለስ፥ የነጋዴ ገንዘብ ሲዞር እንጂ ሲቆም አይረባም። ለአሮጌ ኤም 5 የሚወጣው ገንዘብ ዕቃ ጭና በምትመላለስ ፒክአፕ ላይ ቢውል በዓመቱ ራሱን መመለስ ይጀምራል፤ ኤም 5 ግን በዓመቱ ተጨማሪ ይጠይቃል። የመንግሥት ሹም እንደ ሆነ ደግሞ ደመወዙ በአደባባይ የታወቀ ነው። መኪናውን በሩብ ዋጋ የገዛው በንጹሕ ገንዘብ ቢሆንም፥ የሚያየው ሕዝብ የሚገምተው የአዲሱን ዋጋ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ደረሰኝ ማሳየት አይቻልም። ካልጠገቡ አይዘሉ ካልዘለሉ አይሰበሩ የተባለው ለዚህም ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ማንም አይግዛው ማለት አይደለም። ሌላ የዕለት መኪና ያለው፥ የመግዣውን ግማሽ የሚያህል ገንዘብ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ለይቶ ማስቀመጥ የሚችል፥ የሚነዳውም ለመታየት ሳይሆን ስለሚወደው የሆነ ሰው ቢገዛው ገንዘቡን በከንቱ አላጠፋም። እርሱ ግን ርካሹን አይፈልግ። 500 ኢም ሆነ የ1998ቱ ኤም 5 ዛሬ ሰብሳቢ የሚሻቸው ስለ ሆኑ፥ ከሌሎቹ ተለይቶ በርካሽ የቀረበው ብዙውን ጊዜ ጥገናው የተዘለለው ነው። የጥገና መዝገቡ ሙሉ የሆነውንና ዋጋው ከፍ ያለውን መግዛት በመጨረሻ ይረክሳል። ያን ያህል ዐቅም የሌለው ደግሞ ስድስት ሲሊንደር ያለውን ታናሽ ወንድሙን፥ 300 ኢን ይመልከት፤ መልኩ ያው ነው፥ ጥገናው ቀላል ነው፥ ሞተሩም ትዕግሥተኛ ነው።

በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ከጣለ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ ሻጮች «ከእንግዲህ እንዲህ ያለ አይገባም» እያሉ ዋጋ መስቀል ለምደዋል። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ለሻጩ ብቻ የሚፈርድ እውነት አይደለም። በቁጥር ጥቂት ለሆነና ለማይጨምር መኪና መለዋወጫ አስመጥቶ ሱቁን የሚሞላ ነጋዴ አይገኝም። ይህን ለሻጩ መንገር ዋጋውን ለመቀነስ ይረዳል። ለማየት ሲኬድም ቀጠሮው ማለዳ ይሁን፤ ሲደርሱም አስቀድሞ እጅን በሞተሩ ክዳን ላይ ማሳረፍ ነው። ክዳኑ ሞቆ ከተገኘ፥ ሻጩ ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሣ የሚያሰማውን ድምፅ ገዥው እንዳይሰማበት ቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነውና፥ ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል።