ከቱም ሲነሱ ሞተሩ ቢጠፋ

በረራ የሚማር ሰው ገና ከጅምሩ ከሚሸመድዳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ተነስታ በቂ ከፍታ ሳትይዝ ሞተሯ ከጠፋ ወደ ኋላ አትዙር፤ ከፊትህ ያገኘኸው ቦታ ላይ አውርዳት። ደንቡ የሜዳ አገር ደንብ ነው። ከማጂ ተራሮች ሥር ካለችው ቱም ለሚነሳ ሰው ግን ከፊት የሚያገኘው ዳገት፣ ገደል ወይም የዛፍ ጫፍ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ምን ይሻላል?

«አትዙር» የሚሉት ስሌታቸው ጠንካራ ነው። ሞተር ሲጠፋ ሰው ወዲያው አያምንም፤ ሦስት አራት ሰከንድ በድንጋጤ ያልፋል። ከዚያም 180 ዲግሪ መዞር አይበቃም፤ ዞሮ የሚገኘው ከሜዳው ጎን ስለሆነ ከማኮብኮቢያው ጋር ለመግጠም እንደገና መታጠፍ አለበት። ክንፍን 45 ዲግሪ አጋድሎ መዞር ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ክንፉ መሸከም የሚያቆምበት ፍጥነት በ19 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። መሬቱ ሲቀርብ ደግሞ እጅ ሳይታወቀው መሪውን ወደ ደረት ይስባል። አፍንጫዋ ቀና ይላል፣ ፍጥነቷ ይወርዳል፣ አንዱ ክንፍ ይከዳና ተሽከርክራ ትወድቃለች። ከዚህ ዓይነቱ አወዳደቅ የሚተርፍ ጥቂት ነው። ክንፏን አስተካክላ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ቁጥቋጦ ላይ የወረደች ግን ብዙ ጊዜ ሰዎቿን ታተርፋለች። የአሜሪካ ደንብ ለረጅም ዘመን የባለ አንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች ዝቅተኛ የበረራ ፍጥነት ከ61 ኖት እንዳይበልጥ ያስገደደውም ለዚሁ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል።

«መዞር አለ» የሚሉትም ሞኞች አይደሉም። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የአስተማሪዎች መመሪያ፣ መመለስ የሚቻልበትንና የማይቻልበትን ሁኔታ ለተማሪው በተግባር ማሳየትን አካትቷል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ከፍ ብሎ፣ ጉልበት ቀንሶ፣ አራት ሰከንድ ጠብቆ መዞርና ስንት ጫማ እንደጠፋ ማየት። ያ ቁጥር፣ በላዩ መጠባበቂያ ተጨምሮበት፣ የዚያች አውሮፕላን መመለሻ ከፍታ ይሆናል።

ከፍ ያለ አገር ለሁለቱም ወገን አያዳላም። ከባሕር ጠለል 1,500 ሜትር ላይ መለኪያው 65 ኖት ቢያሳይም አየሩ ስስ ስለሆነ እውነተኛው ፍጥነት አንድ አሥረኛ ያህል ይበልጣል። መዞሪያው ይሰፋል፤ ቀጥታ የሚወርደውም ግጭቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይብስበታል።

ከአገራችን ታሪክ የሚጠቀሰው የትልቅ አውሮፕላን ጉዳይ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባበት። አንዱ ወዲያው ደከመ፤ ሁለተኛው ወደ ሜዳው ሲመለሱ ከዳ። በግድ ሲያርፍ ከ104 ሰዎች 35ቱ አለቁ፣ 69ኙ ተረፉ። «መመለሱ ነው ያጠፋቸው» ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ አንድ ሞተር እየሠራ መመለስ የደንቡ ነው። ወሳኙ ጊዜ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2009 ወፎች መትተውት ኒው ዮርክ ላይ ሀድሰን ወንዝ ያረፈው አውሮፕላን ሲመረመር፣ እንደተመታ በቅጽበት ቢዞር ኖሮ ሜዳ ሊደርስ እንደሚችል በበረራ ማስመሰያ ታየ። ለማሰብ 35 ሰከንድ ሲጨመርለት ግን አልደረሰም።

ሁለት ሞተር ይገላግላል የሚል አለ። ለትልልቆቹ እውነት ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ ትንሽ ባለ ሁለት ፒስተን ሞተር አውሮፕላን ግን በሙቀትና በከፍታ አንዱ ሞተሩ ሲጠፋ በቀረው የማጂን ተራራ ላያልፍ ይችላል። አውሮፓም ባለ አንድ ተርባይን ሞተር አውሮፕላኖች መንገደኛ ጭነው በደመና ውስጥና በሌሊት እንዲበሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ፈቅዳለች።

እኔ የማዳላው ከመነሳቱ በፊት ለተቆረጠ ቁጥር ነው። ከዚያ በታች ቀጥታ፣ ወይም ጥቂት ግራና ቀኝ ብሎ መውረድ፤ ከዚያ በላይ መመለስ። እንደ ቱም ባሉ ቦታዎች ዙሪያ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን መሬቱንም ቀድሞ በእግር ማየት ይገባል። ከላይ ለስላሳ አረንጓዴ የሚመስለው የበበቃና የቴፒ ቡና ጥላው ረጃጅም ዛፍ ነው። የእርሻ መንገድ ያማልላል፤ የመብራት ሽቦው ግን የሚታየው ሲደረስበት ነው። ከሁለቱ ይልቅ የተሰበሰበ የበቆሎ ማሳ ይሻላል፤ የታረሰ ከሆነ በትልሙ አቅጣጫ ነው የሚወረደው። ነዳጁን ዘግቶ፣ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፤ የተጣመመ በር ከውስጥ አይከፈትምና።

ሞተር ደግሞ ሁልጊዜ ተሰብሮ አይደለም የሚጠፋው። በደቡብ ምዕራቡ እርጥብ አየር ካርቡሬተር ውስጥ በረዶ ይሠራል፤ ውጭው ቀዝቃዛ ባይሆንም። በበርሜል የሚመጣ ነዳጅ ውኃ ይቋጥራል። ጠዋት ከጋኑ ሥር ትንሽ ቀድቶ ወደ ብርሃን ሲያዩት ውኃው እንደ ዕንቁ ከታች ተቀምጦ ይታያል፤ ነዳጁ ከላዩ ሰማያዊ ነው። ጠብታ ከታየ አፍስሶ እንደገና መቅዳት ነው፤ መንገደኞቹ በሩ ላይ ቢሰለፉም።