የተኝቶ ማከሚያው መስኮት ይከፈት

ታኅሣሥ ሲገባ በላስታ ደጋ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ለገናም ምእመናን፣ ብዙዎቹ ቀናት በእግራቸው ተጉዘው፣ ወደ ላሊበላ ይጎርፋሉ። ሕዝብ ተጨናንቆ በሚያድርበት ሰሞን ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ መዛመታቸው አይቀርም፤ የጠናበት ደግሞ ሆስፒታል ይገባል። በሌላ ሕመም የተኛ ሰው እዚያው አልጋው ላይ ቫይረስ እንዳይዘው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ንጹሕ አየር ነው ብዬ እከራከራለሁ።

የሚያስለው ብቻ ሳይሆን የሚያወራውም ሕመምተኛ ከትንፋሹ ጋር ረቂቅ ጠብታዎች ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እነዚህ ተጠራቅመው አየሩ ላይ ይቆያሉ። በ1999 ዓ.ም. የታተመ የሊማ፣ ፔሩ ጥናት በስምንት ሆስፒታሎች የክፍሎችን የአየር መለዋወጥ ለክቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ባሰሉት መሠረት፣ ሕክምና ካልጀመረ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ጋር 24 ሰዓት ከሚቆዩ ሰዎች መካከል አየር በማሽን በሚቀያየርበት ክፍል 39 በመቶው፣ ጣሪያው ከፍ ብሎ ሰፋፊ መስኮቶቹ በተከፈቱበት አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ግን 11 በመቶው ብቻ ይያዛሉ። የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ቫይረስ ሳይሆን ባክቴሪያ ቢሆንም የሚተላለፍበት መንገድ ያው አየር ነው። ገንዘብ ብቻውን እንደማያድን ደግሞ ደቡብ ኮሪያ በ2007 ዓ.ም. አይታዋለች። በዚያ ዓመት መርስ በተባለው የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ወረርሽኝ 186 ሰዎች ተይዘው 38ቱ ሞተዋል። በአንድ ትልቅና ዘመናዊ ሆስፒታል የተጨናነቀ ድንገተኛ ክፍል አንድ ታማሚ ብቻ ከ80 በላይ ሰዎችን አስይዟል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ፣ እንደኛው አገር ልማድ፣ ዘመድ ሊያስታምሙ የመጡ ነበሩ።

«መስኮት ከተከፈተ ሕመምተኛውን ንፋስ ይመታዋል» የሚለው ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ብርድ አቅም ያነሰውን በእርግጥ ይጎዳል፤ ጨቅላ ሕፃናትም ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ክፍላቸውም ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ለአዋቂው ግን መፍትሔው ተጨማሪ ብርድ ልብስ ነው። ቀን ፀሐይ ስትወጣ መስኮቱን በሰፊው መክፈት፣ ሌሊት ከአልጋው በላይ ያለውን ብቻ ገርበብ ማድረግ፣ የሚያስለውን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለተኝቶ ማከሚያ ክፍል ለእያንዳንዱ ታማሚ በሴኮንድ 60 ሊትር አየር ይመክራል፤ ያለ ማሽን ይህን ለማግኘት ዋናው መንገድ መስኮት መክፈት ነው።

አስታማሚ ይከልከል የሚሉም አሉ። በዚህ አልስማማም። ታማሚውን የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ የሚያመጣለት አስታማሚው ነው። ቁጥሩ ግን ለአንድ ታማሚ አንድ ሊሆን ይገባል፤ የሚያስለው አስታማሚም በሌላ ዘመድ ይተካ። ጠያቂው ግቢ ውስጥ ይጠብቅ፤ የሚያስለው ተመላላሽ ታካሚም እዚያው ወረፋውን ይያዝ፣ ያለው ማስክ አንድ ብቻ ከሆነ ለእሱ ይሰጠው። ከሁሉ የሚከብደው የባለሙያው ጉዳይ ነው። ትኩሳት ይዞት ተረኛ የሚገባ ነርስ ከአልጋ አልጋ ቫይረስ ያደርሳል፤ የሚተካው ሰው ከሌለ ግን «ቤትህ ቆይ» ማለት ባዶ ትእዛዝ ነው። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነት ላሊበላ ያለችበት የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ያን ሁሉ መልሶ ለመሙላት የሚለፋ አስተዳደር ተጠባባቂ ነርስ መቅጠር ቅንጦት ቢመስለው አይፈረድበትም። ሆኖም የክልሉ ጤና ቢሮ ቢያንስ ለገና ሰሞን ሠራተኛ ከሌላ ወረዳ በትውስት ሊመድብ ይችላል፤ በዓሉ የሚውልበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነውና።