በረዶ በማያውቅ የባሕር ዳርቻ

የልደት በዓል በተቃረበ ቁጥር በከተሞቻችን የመደብር መስኮቶች ላይ ጥጥ ሲበተን እናያለን። ጽዱም ሆነ ከፕላስቲክ የተሠራው ዛፍ ነጭ ጥጥ ተሸክሞ ይቆማል፤ በረዶ መሆኑ ነው። ይህን የሚያደርገው ሕዝብ ግን ልደትን የሚያከብረው ሰማዩ በጠራበት፣ እህሉ ከአውድማ በሚገባበት የበጋ ወር ነው። በረዶ የምናውቀው በክረምት ነጎድጓድ መካከል ነው፤ ያም ቢሆን የጤፍ ጠላት እንጂ የበዓል ጌጥ ሆኖ አያውቅም። ሕፃናት የሚደሰቱበትን ነገር በዓውደ ዓመት መንቀፍ ባያምርም፣ ይህ በዓል ከብርድና ከበረዶ ጋር ያለው ዝምድና ምን ያህል ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው እንላለን። መልሱንም ለማግኘት ልደትን ከዘንባባ ጥላ ሥር ወደሚያከብር አንድ ሞቃት የባሕር ዳርቻ ማየት ይጠቅማል።

ይህ ዳርቻ በሕንድ ደቡብ ምዕራብ፣ በዐረቢያ ባሕር ጠርዝ ወደ 590 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው የኬራላ ግዛት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ ከ33 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ነዋሪ 18 በመቶ ያህሉ ክርስቲያን ነው። ሐዋርያው ቶማስ በ52 እ.ኤ.አ. በዚያ የባሕር በር ወርዶ ወንጌልን እንደ ሰበከ በትውፊት ይነገራል። ከእነዚህ ምእመናን መካከል የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ለእኛ ባዕዳን አይደሉም። በጥር ወር 1957 ዓ.ም. የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ የእነርሱም ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ባስልዮስ አውጌን ተገኝተዋል። በየትምህርት ቤታችን ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሩት የሕንድ መምህራን ብዙዎቹ የመጡትም ከዚያው ዳርቻ እንደ ነበር በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ።

የማላንካራ ምእመናን ልደትን የሚያከብሩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ላይ ነው። ጾማቸው 25 ቀን ነው፤ የእኛ ጾመ ነቢያት 43 ቀን መሆኑን ለሚያስብ አጭር ሊመስል ይችላል። የበዓሉ ሌሊት ሥርዓት ግን በእጅጉ የሚያስደንቅ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ካህናቱና ምእመናኑ ከቤተ መቅደስ ወጥተው በቅጽሩ ውስጥ በመስቀል ቅርጽ በተዘጋጀ ጉድጓድ ዙሪያ ይቆማሉ። በዚያም እሳት ይነዳል፤ የጌታን መወለድ የሚያበሥረው የሉቃስ ወንጌል ይነበባል፤ የመላእክቱ ምስጋና ይዜማል። ማገዶው ምንድን ነው ቢሉ፣ ባለፈው ሆሣዕና ተባርኮ የከረመው የደረቀ የዘንባባ ዝንጣፊ ነው። ምእመናኑ በየተራ እየቀረቡ በእሳቱ ላይ ዕጣን ይጨምራሉ። በደመራና በችቦ ያደገ ኢትዮጵያዊ በዚያ ቢገኝ ማንም ሳያስረዳው ነገሩ ይገባዋል። የታኅሣሥ ሌሊት በኬራላ ከ22 ዲግሪ ብዙም ዝቅ አይልም፤ እሳት የሚሞቅ የለም። እሳቱ በቤተልሔም ሜዳ መንጋቸውን ይጠብቁ የነበሩትን እረኞች ለማሰብ ብቻ የሚነድ ነው።

የበዓሉ ማዕድም ከዚያው ምድር የበቀለ ነው። አፓም የሚሉት ምግብ ከሩዝና ከኮኮናት ተቦክቶ፣ ብዙ ጊዜም ከዘንባባ በሚቀዳ ጠላ መሰል መጠጥ እርሾነት ኩፍ ብሎ፣ ተከድኖ በአንድ ወገኑ ብቻ ይበስላል፤ ዐይንም ያወጣል። ስለ እንጀራ የምናወራ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ከውጭ የመጣውንም ቢሆን እንዳለ አልተቀበሉትም። በ1883 እ.ኤ.አ. በታላሴሪ ከተማ አንድ እንግሊዛዊ የእርሻ ባለቤት የአገሩን የልደት ኬክ ለአንድ የአካባቢው ዳቦ ጋጋሪ አቅምሶ እንዲህ ያለ ሥራልኝ ቢለው፣ ጋጋሪው በብራንዲ ፈንታ ከካሹ ፍሬና ከሙዝ የተጠመቀ መጠጥ ጨምሮ እንደ ጋገረው ይነገራል። ኬኩ ዛሬ ከክርስቲያኑ አልፎ የሂንዱና የሙስሊም ጎረቤቶችም በዓል ማድመቂያ ሆኗል። በውስጡ መብራት ያለበት የወረቀት ኮከብም እንዲሁ፤ ወሩ እንደ ገባ በየደጁ ይሰቀላል፣ የማን ቤት እንደሆነም ሁልጊዜ በኮከቡ አይለይም።

ይሁንና ባሕር አጠገብ የሚከበር በዓል ከሐዘን የራቀ አይደለም። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ልደት በተከበረ ማግሥት፣ የሱናሚ ማዕበል ያንን ዳርቻ መታ። በኬራላ ብቻ ከመቶ በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከሁሉ ይልቅ የተጎዱት በኮላም አውራጃ የሚገኙ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ነበሩ። በአጎራባቹ በታሚል ናዱ፣ በቬላንካኒ የባሕር ዳርቻ፣ በዓሉን ምክንያት አድርገው ወደ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የመጡ ብዙ ተሳላሚዎች በማዕበሉ ተወሰዱ። ኅዳር 21 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ እኛ ኅዳር ጽዮንን በምናከብርበት ዕለት ደግሞ፣ ኦኪ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በባሕር ላይ የነበሩትን አጥማጆች ደረሰባቸው። በቲሩቫናንታፑራም አቅራቢያ ያሉት የፑንቱራና የቪዢንጃም መንደሮች የዚያን ዓመት ልደት የተቀበሉት ብዙ ልጆቻቸው ከባሕር ሳይመለሱ ነው። ሬሳ ያልተገኘለት ሰው እናት በደጇ ኮከብ ትስቀል ወይስ አትስቀል? ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የበዓል ገበያ የለም።

ከማዕበል ሌላ ሰው የሚወስድ ነገርም አለ። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የኬራላ ወጣት እንጀራ ፍለጋ ወደ ገልፍ አገሮች ሲፈልስ ቆይቷል። የእኛም እህቶችና ወንድሞች በዚያው መንገድ ሄደው በሰው ቤት፣ በግንባታና በሱቅ ሥራ ላይ ናቸው። ታኅሣሥ 29 በዚያ ተራ የሥራ ቀን ነው። ፈቃድ ያገኘ ያስቀድሳል፤ ያላገኘ፣ በተለይም በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን፣ የአገሯን ቅዳሴ በስልክ ሰምታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

በሞቃቱ የባሕር ዳርቻም ሆነ በደጋው መንደር፣ በአገር ውስጥም ሆነ ከአገር ውጭ ለምትገኙ የክርስትና እምነት ተከታዮች ሁሉ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።