የቪትዟ ፍርግርግና የእኛ እጅ

«የአርት ፋክልቲ ተማሪ ከብዕር የከበደ ነገር አያነሣም» የሚል ቀልድ በግቢያችን ሲነገር ሰምተን እኛም አብረን ስቀናል። ሰሞኑን ግን ቀልዱ እውነት ሆኖ ስላገኘነው መሳቁን ትተን ለመጻፍ ተነሣን። ለዚህ ያበቃን ነገር ተራ ነው፤ የአንዲት ትንሽ መኪና የፊት ፍርግርግ፣ በጋራዥ ቋንቋ «ግሪል» የሚባለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አጎት በአሮጌ ቶዮታ ቪትዝ ሰው እያመላለሱ አምስት ልጆች ያሳድጋሉ። በቅርቡ አንድ ባጃጅ ወደ ኋላ ሲመለስ የመኪናዋን ፍርግርግ ሰበረው። መኪናዋን ጋራዥ ማቆም ለእሳቸው የዚያን ቀን እንጀራ ማቆም ነው። ስለዚህ እኛ ሦስት ተማሪዎች «እሑድ ቤት ድረስ መጥተን እንገጥምልዎታለን» ብለን ቃል ገባን። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ተማሪና መፍቻ የት ይተዋወቃሉ?» አሉን። ቅር ቢለንም መልስ አልነበረንም።

ቅዳሜ ዕለት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድን። ሁለት ዓይነት ፍርግርግ ቀረበልን። አንደኛው ተራ ጥቁር ፕላስቲክ ሆኖ ክፍተቶቹ ሰፋፊ ናቸው። ሁለተኛው የሚያብረቀርቅ፣ ከፊት ሲያዩት ወንፊት የሚመስል፣ ከጀርባው ግን ድፍን ነው። ሻጩ «ይሄ የኤሌክትሪክ መኪና ያስመስላታል» አለን። ለመወሰን ብዙ አላሰብንም፤ የሚያብረቀርቀውን ገዛን። ሰፈሩ ሁሉ ዘወር ብሎ የሚያያት መኪና ለአጎታችን ልናስረክብ ነውና ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

እሑድ ጧት ሥራ ጀመርን። ኮፈኑን ከፈትን፤ የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈታን። ከራዲያተሩ በላይ የተደረደሩትን የፕላስቲክ ክሊፖች በካቻቢቴ ስናነሣ ሁለቱን ሰበርን። መሐል ያለውን እምብርት አስቀድሞ ከፍ ማድረግ እንደሚገባ ሳናውቅ በጉልበት ስለሳብናቸው ነው። በጎማዎቹ በኩል ያሉትን ብሎኖች በ10 ቁጥር መፍቻ ፈትተን፣ ፓራውልቱን ሁለታችን ከግራና ከቀኝ ይዘን ቀስ ብለን አወጣነው። የተሰበረው ፍርግርግ ከኋላው በትናንሽ ጥርሶች ተይዞ ኖሯል፤ እነርሱንም አንድ በአንድ አላቀቅን።

እዚህ ላይ እያለን ከአጠገባችን ጋራዥ የሚሠራ አንድ የሰፈር ልጅ መጣ። ዕድሜው ከ17 ዓመት አይበልጥም። አዲሱን ፍርግርግ አነሣና ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ አለበት። ትንፋሹ ተመልሶ ፊቱን መታው። ከዚያም ወደ እኛ ዞሮ «ወንድሞቼ፣ መኪናዋ በየት ትተንፍስ?» ሲል ጠየቀን።

ሦስታችንም ዝም አልን። ለዓመታት «ጠይቁ፣ መርምሩ» እየተባልን የተማርን ሰዎች ይህን አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ ገንዘብ ከፍለን ነበር!

በኋላ ነገሩን ስናጣራ የልጁ ጥያቄ ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ተረዳን። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚሰጠው ኃይል ከሦስት እጅ አንዱ ያህል ሙቀት ሆኖ በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል ይወጣል። ውሃው ራዲያተር ውስጥ ሲዘዋወር ሙቀቱን የሚወስድለት በፍርግርጉ የሚገባው ነፋስ ነው። መኪናዋ ስትቆም ቬንትሌተሩ ያግዛል፤ ከፓራውልቱ በታች ያለው ክፍተትም ጥቂት አየር ያስገባል፤ ነገር ግን ዋናውን አፍ ደፍኖ በእነዚህ ብቻ መተማመን አይገባም። ይልቁንም በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ክፍት ውሃም እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን በግፊት ስለሚይዘው እንጂ የመኪናዋም ውሃ ቶሎ በፈላ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ፊቱ ድፍን ቢሆን የሚያቃጥል ሞተር ስለሌለው ነው፤ ባትሪውን ለማቀዝቀዝም ከበታች ያለው ክፍተት ይበቃዋል። እኛ ግን የእርሱን መልክ ወስደን ቤንዚን ለምታቃጥል መኪና ልናለብሳት ነበር። መልኩን ቀዳን፤ ምክንያቱን አልጠየቅንም።

ስሕተታችን አጎታችንን ግማሽ ቀን ሥራ አስፈታቸው። ፍርግርግ ራዲያተሩን ከጠጠርም ስለሚጠብቅ ያለ እርሱ መንዳት አልደፈሩም። ሰኞ ማለዳ ድፍኑን በተራው ለውጠን፣ ሁለት አዲስ ክሊፕም ጨምረን ተመለስን። ልጁ እያሳየን እኛው በእጃችን ገጠምነው። አርማውን ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛወርን፤ ጥርሶቹ «ቀጭ» ብለው መያዛቸውን አረጋገጥን፤ የመብራቱን ሽቦ መለስን። ከዚያም ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ነድተን የሙቀት ምልክቱን ተመለከትን። ደኅና ነበረች።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የገቡት በ1900 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ዐፄ ምኒልክ ባለእጅ ሰው በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከለከሉ። መኪናው በዛ፤ ስድቡም በአፍ ቀነሰ። በልባችን ውስጥ ግን ገና አልጠፋም። ዛሬ ማንም ተማሪ መካኒክን ፊት ለፊት አይሰድብም፤ ይሁን እንጂ «ልጄ ተምሮ ጋራዥ ገባ» ሲባል እንደ ኀዘን ይነገራል። እኛም ካቻቢቴ፣ ፓራውልት፣ ኮፈንና ብሎን ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት መሆናቸውን ለማስረዳት እንቸኩላለን። ቃሉን እናውቀዋለን፤ ዕቃውን በየትኛው በኩል እንደሚይዙት ግን አናውቅም።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው፤ እናንተ መጽሐፋችሁን አንብቡ» የሚሉን አይጠፉም። እውነት ነው፤ ሁሉም ሰው መካኒክ አይሆንም፤ የመካኒኩንም እንጀራ ልንነጥቅ አልተነሣንም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ብሎን ፈትቶ ያየ ሰው የባለሙያውን ዋጋ ያውቃል፤ ከሚያብረቀርቅ ነገር ጀርባ ምን እንዳለ መጠየቅንም ይለምዳል። ነገ አንዳንዶቻችን በቢሮ ተቀምጠን ግዢ እንፈቅዳለን፤ ዕቅድ እናጸድቃለን። ያን ጊዜ እፍ ብለን ሳንሞክር የምንገዛው ድፍን ነገር የአንድ አጎት ግማሽ ቀን ብቻ አያስከፍልም።

ጉዳዩም የሚቆይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ያሉት ትናንሽ መኪናዎች ሲያረጁ በጥገና መኖራቸው ነው፤ በእነርሱም ስንት ቤተሰብ እንደሚያድር እናውቃለን።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በወር አንድ ቅዳሜ ከቴክኖሎጂ ፋክልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ሆነን፣ ከጋራዥ ባለሙያዎችም ጋብዘን፣ መፍቻ የምንይዝበት ሰዓት ይዘጋጅ። አዳራሽ አያስፈልግም፤ አንድ አሮጌ መኪናና ጥላ ያለው ዛፍ ይበቃል። መምህር ቢታጣ እኛ የምናውቀው አንድ የ17 ዓመት ልጅ አለ፤ እሑድ እሑድ ሥራ የለውም፤ ጥያቄውንም አስቀድሞ አዘጋጅቷል።