«ቀይረን እንየው» ስንት ያስከፍላል?

በአዲስ አበባ ጋራዦች እንደ «እስቲ ቀይረን እንየው» ኪስ የሚያራቁት ንግግር የለም። መኪናው ሜዳ ላይ ደህና ነው፤ ቆሞም ሞተሩ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ሲይዝ ግን ቢረግጡት ቢረግጡት አይስብም። ካንዴላ ይቀየራል፤ ያው ነው። ቦቢና ይቀየራል፤ ያው ነው። የነዳጅ ፓምፕ ይከተላል። በመጨረሻ ፍርዱ ይመጣል፦ «ጋሼ፣ ሞተሩ ደክሟል፤ መውረድ አለበት።»

በአሮጌ ኮሮላው እዚህ ፍርድ ላይ የደረሰ አንድ ጎረቤት አለኝ። ሞተሩን ከማስወረዱ በፊት ሌላ መካኒክ ዘንድ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ሰውዬው ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ቁልፉን ስጡኝ» አለና ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ነዳው። ዓይኑ የሞተሩ ዙር ጠቋሚ ላይ ነበር። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ነው፤ ዙሩ አልወጣ ካለ ግን ወይ ጥፋቱ የሞተሩ ነው፣ ወይ ፍሬን ይዟል። የዚህኛው አልወጣም። ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰ፤ ፍሬን የያዘው ጎማ ቢኖር ቸርኬው ይግል ነበር። ከዚያ የነዳጅ ግፊት መለኪያ ገጠመና በረጅም ቱቦ አውጥቶ የፊት መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጠፈው። ቆሞ ሲሠራ ግፊቱ ልክ ነው። ዳገት ላይ ሲረገጥ ቀስቱ ቁልቁል ወረደ። የነዳጁን ፊልትሮ ፈትቶ በመግቢያው በኩል ሲገለብጠው ጥቁር አተላ ወጣ። እስከዚያች ቀን ከተቀየሩት ዕቃዎች ሁሉ እሱ ይረክሳል፤ እሱን ግን የቀየረው አልነበረም።

ነገሩ ምትሃት የለበትም። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ጥቂት ነዳጅ ይበቃዋል፤ በተደፈነ ፊልትሮም ቢሆን ያገኘዋል። ዳገት ላይ ሲረገጥ ግን ብዙ ይጠይቃል፤ የሚደርሰው ያው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ የሚሰንፍ መኪና ግቢ ውስጥ አቁሞ ቢያዳምጡት ሕመሙን አይናገርም። ምልክቱም መንገድ ይመራል። እየተንገጫገጨና እየዘለለ የሚሰንፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ የእሳት ችግር ነው። ሳይንገጫገጭ እየታነቀ የሚደክም ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፤ ወይም ማርሚታው አለዚያም ካታላይዘሩ ተደፍኖ ጭሱ መውጫ አጥቷል።

በእኛ ከተማ ደግሞ አንድ የተለየ ወጥመድ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጤነኛም ሆኖ እዚህ ጉልበቱ የዚያኑ ያህል ይቀንሳል። የኮምፕሬሽን ልኩም እንዲሁ ነው፤ የፋብሪካው መጽሐፍ 170 ፒኤስአይ የሚለው ሞተር እዚህ 130 አካባቢ ቢያነብ ደክሟል ማለት አይደለም። ይልቅ ማየት ያለብን አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸውን ነው። ይህን ሳያሰሉ «ኮምፕሬሽን የለውም» ተብለው የወረዱ ጤነኛ ሞተሮች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም።

መካኒኮችን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ለዕቃ ሺዎችን ቆጥረን እንሰጣለን፤ ግማሽ ቀን ለክቶና ነድቶ «ፊልትሮ ነው» ያለንን ሰው ግን «ምን ሠራህና ነው?» እንለዋለን። በዕቃ መቀየር ብቻ እንጀራ የሚበላ ባለሙያ ዕቃ ቢቀይር ምን ይገርማል? መለኪያ መግዛት ለእሱ ወጪ እንጂ ገቢ አልሆነም። የኮምፒውተር ምርመራውም ቢሆን ከዚህ በሽታ አላዳነንም። ፒ0171 የሚለው ኮድ ነዳጁ ከአየሩ አንጻር ማነሱን ይናገራል እንጂ የትኛው ዕቃ እንደሞተ አይነግርም። የሚያፈስ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር ሴንሰር ወይም የደከመ ፓምፕ ያንኑ ኮድ ያወጣሉ።

ጉዳዩ ወደፊት ይብሳል እንጂ አይቀልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በእጃችን ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ያረጃሉ።

ስለዚህ ጋራዦች የምርመራ ዋጋቸውን ከዕቃውና ከእጅ ዋጋው ለይተው በግልጽ ይለጥፉ። እኛም ሳንከራከር እንክፈል። የከፈለ ሰው ደግሞ «ይቀየር» ሲባል «በምን ለካኸው? ስንት አነበበ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። መልሱ ቁጥር ካልሆነ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ያቆየው።