«የት ነበራችሁ?» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ሳምንት ማኅበራችን ያሳየውን የሩማንያ ፊልም ካየን ወዲህ፣ በምግብ አዳራሹም በመኝታ ቤቱም «እንዲህ ያለ ግዴለሽ ሕዝብም አለ?» የሚል ሳቅና ነቀፋ ይሰማል። እኛም ከሳቁት መካከል ነበርን። ነገር ግን ሳቁ ካለፈ በኋላ ነቀፋው ሊመረመር የሚገባው ሆኖ አገኘነው።

ፊልሙን ኮርኔሊዩ ፖሩምቦዩ በትውልድ ከተማው በቫስሉይ ቀርጾ በ2006 እ.ኤ.አ. አወጣው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይኸውም ዲሴምበር 22 ቀን 1989 እ.ኤ.አ.፣ እኩለ ቀን ካለፈ ከ8 ደቂቃ በኋላ፣ ኒኮላይ ቻውሼስኩ ከቡካሬስት በሄሊኮፕተር ሳይሸሽ በፊት በዚህች ከተማ አደባባይ የወጣ ሰው ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ነው። አንድ መምህር በቴሌቪዥን ቀርቦ «እኔ ወጥቻለሁ» ይላል፤ ስልክ የሚደውሉት የከተማው ሰዎች ግን ያስተባብሉበታል።

እንግዲህ ባላገር በተፈጥሮው ግዴለሽ ነውን? አይደለም። ዐመፁ የተነሣው በዋና ከተማው ሳይሆን ከድንበር አጠገብ ባለችው በቲሚሾአራ ነው። ከዚያም በፊት፣ በኖቬምበር 1987፣ የብራሾቭ ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸውና ስለ እንጀራቸው ተነሥተው ተቀጥተዋል፤ ያን ጊዜ ግን የቀረው አገር ዝም አለ። ዝም ያለውም ያለ ምክንያት አልነበረም። መንግሥት የውጭ ዕዳውን ለመክፈል እህሉንና ሥጋውን ወደ ውጭ ሲሸጥ፣ ሕዝቡ በራሽን ዳቦ እየተሰለፈ በብርድ ቤት ከርሟል፤ ጎረቤቱንም ጠርጥሮ አፉን መጠበቅ ተምሯል። የብዙ ዓመት ልማድ በአንድ ቀትር አይለቅም።

ለውጡ ከመጣ በኋላስ ምን አየ? በሜይ 1990 በተደረገው ምርጫ ከመቶ 85 ያህሉን ድምፅ ያገኘው ኢዮን ኢሊየስኩ ራሱ ቀድሞ የፓርቲው ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። በፊልሙም ከሚደውሉት አንዱ የቀድሞ የጸጥታ ሰው ነው፤ ዛሬ ባለሀብት ሆኖ መምህሩን በክስ ያስፈራራዋል። ይህን ያየ ሰው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ቢል፣ የተናገረው ስንፍና ሳይሆን ትዝብት ነው።

ይህን ስንል ግዴለሽነትን ማመስገናችን አይደለም። በዚያ ዐመፅ ከ1000 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የሚበዙትም የሞቱት አምባገነኑ ከሸሸ በኋላ ነው። በፊልሙ መጨረሻ ልጇ በቡካሬስት የሞተባት እናት ትደውላለች። እርሷ ማንንም አትከስስም፤ በረዶ መጣል መጀመሩን ብቻ ትናገራለች። ያን ጊዜ በአዳራሹ የሳቀ አልነበረም። ዝም ያለ ሕዝብ ወንበሩን ለቀድሞው ሰው ይተውለታል፤ ዕዳውን የከፈለው ግን የሌላ ሰው ልጅ ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ነቀፋችንን ወደ ራሳችን እንመልሰው። በቅርቡ ለዕረፍት ወደየቤታችን እንሄዳለን። የአገራችንም ደርግ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን በየቀበሌያቸውና በየእርሻቸው ነበሩ። «የት ነበራችሁ?» ብለን እንደ ዳኛ አንጠይቃቸው። «ያን ቀን ማን መጥቶ አማከራችሁ? በማግሥቱስ በደጃችሁ ምን ተለወጠ?» ብለን እንጠይቃቸውና ተቀምጠን እናዳምጥ። የተማረ ሰው ሕዝቡን ግዴለሽ ከማለቱ አስቀድሞ፣ እርሱ ራሱ ለሕዝቡ ግድ እንዳለው ያሳይ።